የአንጎል ፍሬንና ግሊያ ሴሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምውለው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ስር ባለች አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ አፍንጫችን ስር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ፍሬን «ፍስስ» ሲል እሰማለሁ። እዚህ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ፋርማሲስት ነኝ እያልኩ ማረሙን ከተውኩ ቆየሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ ሊወስዱ መጡ። ክኒኑን አገላብጠው አዩትና «ዶክተርዬ፣ ይሄ ነገር ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«የአንጎሉን ፍሬን ያጠብቃል።»

«ፍሬኑን ማን አላላው ታዲያ?»

አፌን ያዝኩ። እውነተኛው መልስ ነርቭ ላይ ብቻ አያልቅማ። ፍሬኑን ዘይት የሚሞሉ፣ የሚጠርጉ፣ የሚጠግኑ ሌሎች ሴሎች አሉ፤ ግሊያ ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ላይ የሚጠየቁኝን እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግሊያ ማለት ምን ማለት ነው?

አንጎል ውስጥ ያሉ፣ ነርቭ ያልሆኑ ሴሎች ቤተሰብ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሙጫ» ነው። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ነው፤ 1856 ላይ። ነርቮቹን አጣብቆ የሚይዝ ነገር መስሎት ነበር። ስም ክፉ ነው፣ አንዴ ከወጣ አይለቅም። ከመቶ ዓመት በላይ አብዛኛው ተመራማሪ እንደ ሙጫ አይቶ አልፏቸዋል።

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አስትሮሳይት ኮከብ ይመስላል፤ ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ ነርቮችንም የደም ሥሮችንም ይነካል። ማይክሮግሊያ የአንጎል ዘበኛ ነው። ኦሊጎዴንድሮሳይት ደግሞ የነርቭ ገመዶችን በስብ ይጠቀልላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ። ለዛሬው ጉዳይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቁናል።

ለአንድ ነርቭ አሥር ግሊያ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ለብዙ ዓመታት መጻሕፍት ሲቀባበሉት የኖሩት ቁጥር ነው። ብራዚላዊቷ ሱዛና ኸርኩላኖ-ሁዜልና ባልደረቦቿ አንጎልን አሟምተው ሴሎቹን ቆጠሩ፤ ውጤቱን 2009 ላይ አወጡ። ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭ፣ ነርቭ ያልሆነውም ከዚያ ጋር የሚቀራረብ። አንድ ለአንድ ነው ማለት ይቻላል።

ነርቭ መገታት ለምን ያስፈልገዋል? ቢሠራ አይሻልም?

ጭነት ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ ሲኖትራክ አስቡ። ሞተሩ ጎበዝ መሆኑ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው አያጽናናም።

አንጎልም እንደዚያው ነው። ነርቭን የሚያነሳሳው ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ይባላል፤ ነዳጁ እሱ ነው። የሚገታው ዋናው ኬሚካል ጋባ ነው፤ አንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው 1950 ላይ ነው። በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ካሉት ነርቮች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሥራው መግታት ብቻ ነው። ጣታችሁን አጥፋችሁ ሲኒ ስታነሱ የማያስፈልገው ጡንቻ ሁሉ ዝም የሚለው በነሱ ነው።

መግታት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ የመንጋጋ ቆልፍን ያስብ። እኛ ሰፈር ግንባታ ስለማይቋረጥ ሚስማር የወጋው ወጣት በየሳምንቱ ይመጣል። ብዙዎቹ «ትንሽ ናት፣ አልኮል አድርጊልኝ ብቻ» ይላሉ። ከቁስሉ የሚነሳው መርዝ ግን ነርቭን ተከትሎ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወጣና ገቺ ነርቮች ኬሚካላቸውን እንዳይለቁ ያደርጋል። ጡንቻው ምንም አልሆነም። አነሳሹም ነርቭ ደህና ነው። የጠፋው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን መንጋጋው ተቆልፎ ጀርባው እንደ ቀስት ይለጠጣል። ስለዚህ አልኮሉን አደርግላቸውና ክትባቱን እንዲወስዱ ወደ ጤና ጣቢያ እገፋቸዋለሁ።

ታዲያ ግሊያ በዚህ መሃል ምን ቤት ነው?

ጥያቄው ሁሉ እዚህ ነው፤ ትንሽ ረዘም ብል ታገሡኝ።

ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ምድጃው ላይ ፍም ይቀራል። ቤት የምትይዝ ሴት አትጥለውም። ውሃ ረጨት ታደርግበታለች ወይ አመድ ታለብሰዋለች፤ ፍሙ ጠፍቶ ከሰል ይሆናል። ነገ ያንኑ ታቀጣጥላለች። አስትሮሳይት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነርቭ የለቀቀው ግሉታሜት ፍም ነው፤ ሜዳ ላይ ከተተወ ያቃጥላል። አስትሮሳይቱ ያፍሰውና ግሉታሚን ሲንተቴዝ በሚባል ኢንዛይም አጥፍቶ ግሉታሚን ያደርገዋል። ግሉታሚን ነርቭን አያነሳሳም፤ ስለዚህ እንደጠፋ ከሰል ሳያቃጥል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ነርቭ ተቀብሎ እንደገና ግሉታሜት ያደርገዋል። ገቺ ነርቭ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምርና ጋባ ያደርገዋል።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ፍሬኑ የሚሠራው ከነዳጁ ነው። ነርቭ ከስኳር ተነስቶ ይህን ጥሬ ዕቃ ከዜሮ የሚጀምርበት ኢንዛይም የለውም፤ ያለው አስትሮሳይቱ ነው። አስትሮሳይቱ ማቀበሉን ካቆመ ገቺው ነርቭ በሕይወት አለ፣ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ የሚለቀው ግን ያልቅበታል።

ሁለተኛው ሥራ ጠረጋ ነው። ጋባ ከተለቀቀ በኋላ ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም። ነርቮቹ ራሳቸው የተወሰነውን ይመልሳሉ። አስትሮሳይቱም ጋት-3 በሚባል በር በኩል ይስበዋል። ሙልጭ አድርጎ ግን አይጠርገውም። ትንሽ ጋባ ሁልጊዜ በሴሎቹ መሃል ይቀራል፤ እሱም ነርቮችን በስሱ እንደገታ ይውላል። ጠንቃቃ ሾፌር ቁልቁለት ላይ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ እንደሚወርደው ማለት ነው። ያ ቀሪ ጋባ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ከሚወስኑት ዋናዎቹ አስትሮሳይቶቹ ናቸው።

ሦስተኛው ደስ ይላል። በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል። አካባቢው በግሉታሜት ሲጥለቀለቅ አስትሮሳይቱ እሱን ሲያፍስ ሶዲየምም አብሮ ይገባበታል። ሶዲየም ሲበዛበት ጋት-3 ይገለበጥና ጋባ ወደ ውጭ ማውጣት ይጀምራል። ጋዝ ሲበዛ ፍሬን በራሱ የሚይዝ መኪና በሉት። በተጨማሪም 2010 ላይ ኮሪያዊ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በትንሹ አንጎል ውስጥ ግሊያ ሴሎች ቤስትሮፊን-1 በሚባል ሌላ ቀዳዳ ጋባ እንደሚያፈሱ አሳይተዋል።

አስትሮሳይቱ ይሰማልም። ገና 1998 ላይ በሂፖካምፐስ፣ ማለትም ትዝታ በሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል፣ የተሠራ ሙከራ ነበር። ገቺ ነርቭ ሲተኩስ አስትሮሳይቱ ውስጥ ካልሲየም ይነሳል፤ ከዚያ ገቺው መልእክት ራሱ ይበረታል። ማለትም ሰምቶ ዝም አይልም፣ መልስ አለው። ሙጫ መልስ ይሰጣል እንዴ?

ቡና ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው እንጂ! እኛ አገር ተወልዶ ይህን አለማወቅ ያስቆጫል።

አስትሮሳይቶች ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃሉ። እሱ ይሰባበርና አዴኖሲን ይሆናል። አዴኖሲን ነርቮችን ያረጋጋል፤ ነቅተን በቆየን መጠን ይከማችና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። 2009 ላይ አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ አስትሮሳይቶቹ ይህን መልቀቅ ሲከለከሉ እንቅልፍ ማጣት የሚያመጣው የእንቅልፍ ግፊት ቀነሰ።

ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዛል። አዴኖሲኑ አልጠፋም፣ በር ላይ ቆሟል። ካፌይኑ ሲነሳ እሱ ይገባል። ካፌይን በአምስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግማሹ ገደማ ብቻ ነው ከሰውነት የሚወጣው። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በረካ ድረስ ጠጥታችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ጣሪያ ብታዩ ጎረቤት አስማት አላደረገባችሁም።

ማይክሮግሊያስ? እሱ ዘበኛ አይደለም?

ነው። ግን የኛ ግቢ ዘበኛ በር ብቻ ይጠብቃል? ሙዚቃ ሲጮህ ወጥቶ «ኧረ ቀንሱት» ይላል። ማይክሮግሊያም እንደዚያ ነው። 2020 ላይ የወጣ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው ከልክ በላይ የሚሠራ ነርቭ ኤቲፒ ሲለቅ ማይክሮግሊያው ይጠጋል፣ ላዩ ላይ ባሉት ኢንዛይሞች ኤቲፒውን ወደ አዴኖሲን አቅጣጫ ይሰብረዋል፣ ነርቩም ይረጋጋል። ማይክሮግሊያ የሌላቸው አይጦች ለመንቀጥቀጥ በጣም ቅርብ ነበሩ።

ሲገነባም አለበት። 2021 ላይ እንደታየው፣ ጋባን የሚሰሙ ማይክሮግሊያዎች በልጅነት ትርፍ የሆኑ ገቺ ግንኙነቶችን እየመረጡ ይከረክማሉ። ፍሬኑ የት የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ያኔ ነው።

የሚጥል በሽታን ያመጣው ግሊያ ነው ማለት ነው?

«ያመጣው» የሚለው ከባድ ቃል ነው። የሚጥል በሽታ ብዙ መነሻ አለው፦ በወሊድ ጊዜ የአየር እጥረት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ ዕጢ፣ ዘር። ግን ከነዚህ በብዙዎቹ ላይ አስትሮሳይቶቹ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ፣ ቅርጻቸውም ጠባያቸውም ይለወጣል። ከባድ የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው በቀዶ ሕክምና ከሰዎች በወጣ ሂፖካምፐስ ውስጥ ግሉታሚን ሲንተቴዝ ቀንሶ ተገኝቷል። ያ ፍሙን የሚያጠፋው ኢንዛይም ነው።

2010 ላይ አይጦች ላይ ጥሩ ሙከራ ተሠራ። ተመራማሪዎቹ ነርቮቹን አልነኩም። አስትሮሳይቶቹን ብቻ አስቆጡ። ኢንዛይሙ ቀነሰ፣ ገቺው መልእክት ደከመ፣ አካባቢው ከልክ በላይ መተኮስ ጀመረ። ከዚያ ግሉታሚን ከውጭ ሲጨምሩለት ፍሬኑ ተመለሰ። የእኚያን እናት ጥያቄ ዛሬ ብጠየቅ ይህን ነበር የምነግራቸው። ፍሬኑን ያላላው አንዳንዴ ፍሬኑ ራሱ አይደለም፤ ዘይት የሚሞላው ሰው ታሟል።

ግሉታሚን ክኒን ገዝታችሁ ለታማሚ አትስጡ ግን። ያ ግሉታሚን የተጨመረው ሳህን ላይ በተዘረጋ የአይጥ አንጎል ቁራጭ ላይ ነው።

መግታት ጥሩ ከሆነ፣ ሲበዛ ይበልጥ ጥሩ አይደለም?

አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ክፍል ውስጥ በድንገት ፍዝዝ የሚሉ ልጆች አሉ። አይወድቁም፣ አይንቀጠቀጡም። አስተማሪዋ እያነበበች ለአሥር ሰከንድ ያህል ዓይናቸው ይቆማል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። «ልቡ እዚህ የለም» ተብለው ስንት ኩርኩም ይቀምሳሉ። ይህም የሚጥል በሽታ ነው።

በዚህ ዓይነቱ 2009 ላይ የተገኘው ተቃራኒው ነበር። በአይጦችና በአይጠ መጎጦች ላይ እንደታየው፣ ታላመስ በሚባለው ክፍል ጋባ መጠረጉ ተዳክሞ ያ ቀሪ ጋባ በዝቷል። እዚያ ቦታ የሚጠርጉት ደግሞ አስትሮሳይቶች ናቸው። ፍሬኑ ሲበዛ ነርቮቹ ሁሉ አብረው ዝም፣ አብረው ተኩስ ይገባሉ። ጋባን የሚያበዙ እንደ ቪጋባትሪንና ቲያጋቢን ያሉ መድኃኒቶች ይህን ዓይነት የሚያባብሱት ለዚህ ነው። «የጎረቤት ልጅ በዚህ ተሻለው» ብሎ መድኃኒት መዋዋስ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ፌኖባርቢታል ግሊያን ያክማል?

አያክምም። ጋባ ነርቭ ላይ የሚከፍተውን በር ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው 1912 ላይ ነው፤ አሮጌ፣ ርካሽ፣ አሁንም የሚሠራ መድኃኒት። ዲያዜፓምም እዚያው በር ላይ ነው የሚሠራው፣ በሌላ መያዣ። ሁለቱም ያለውን ጋባ ያበረታሉ እንጂ ዘይት ሞዪውን አይጠግኑም።

ሁለት ነገር ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ በድንገት አይቆምም። አንጎል በተጠናከረ ፍሬን መንዳት ለምዷል፤ ድንገት ስታነሱት መኪናው ይነዳችኋል። «ጾም ስለገባ»፣ «ጠበል ስለጀመርን» ብለው አቋርጠው ልጁ ሲብስበት የሚመጡ አሉ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም ይቀጥል። ሁለተኛ፣ ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል ይቀንሳል። ለሐኪሙ ንገሩ።

የቲቢ መድኃኒት ስወስድ ቫይታሚን ቢ6 ለምን ታዘዘልኝ?

ይህን የጠየቀኝ አንድ የግንባታ ሠራተኛ ነው። ቫይታሚኗን «ማጣፈጫ ናት» ብሎ ትቷት፣ እግሩ ማቃጠልና መደንዘዝ ሲጀምረው መጣ።

አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ቢ6ን ሥራ ያስፈታል። ቢ6 የምትሰጠው በዋናነት የእግርና የእጅ ነርቭ እንዳይጎዳ ነው። ግን ከኛ ጉዳይ ጋርም ትገናኛለች። ግሉታሜትን ወደ ጋባ የሚለውጠው ኢንዛይም ያለ ቢ6 አይሠራም። አይሶናያዚድ ከልክ በላይ የዋጠ ሰው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ የሐኪም ቤት ማርከሻውም ያችው ቢ6 ናት፣ በደም ሥር። አስትሮሳይቱ ከሰሉን ያቀብላል፣ ክብሪቷ ግን ቢ6 ናት።

ስለ ክብሪት ካነሳሽ አይቀር፣ ለወደቀ ሰው ክብሪት ማሽተት ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ልጅ ወድቆ አይቻለሁ። በአንዴ ስድስት ሰው ክብሪት ይጭራል፤ አንዱ ማንኪያ አምጡ ይላል፤ የቀረው ይጋባል ብሎ ሸሽቷል። የክብሪት ጭስ ጋባንም ግሊያንም አይነካም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በአንድና በሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። በነገራችን ላይ፣ አይጋባም።

ማድረግ ያለባችሁ፦ ከመንገድና ከድንጋይ አርቁት፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢ ወይ ጃኬት አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ሰዓት ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ እንደገና ከጀመረው ባጃጁን አስነሡና ሐኪም ቤት።

አረቄስ?

አልኮልም በጋባው በር በኩል ይሠራል። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ለማካካስ የራሱን ፍሬን ያላላል። ድንገት ሲያቆም ሁለቱም ፍሬን የለም። በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ብዙ የጠጣ ሰው ሲያቆም በሐኪም እጅ ያቁም።

ኤምአርአይ ብነሣ የግሊያዬ ጤና ይታያል?

አስትሮሳይት አንድ በአንድ አይታይም። ከግሊያ የሚነሳ ዕጢ፣ ግሊዮማ፣ ካለ ግን ይታያል። የቆየ ጠባሳም እንደዚሁ።

ከስትሮክ በኋላ መዳን የሚዘገየው በነሱ ነው?

በከፊል ሊሆን ይችላል። 2010 ላይ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ከስትሮክ በኋላ በተጎዳው ቦታ ዙሪያ ጋት-3 ይዳከማል፤ ጋባ ይከማቻል፤ ደህና የቀሩት ነርቮችም ተረግጠው ይቀመጣሉ። ፍሬኑን በመድኃኒት ሲያላሉላቸው አይጦቹ እግራቸውን በተሻለ መጠቀም ቻሉ። ግን ሰዓቱ ወሳኝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሲጀመር ጠቀመ፣ ወዲያው ሲሰጥ ጉዳቱን አሰፋው። መጀመሪያ ላይ ያ ፍሬን መከላከያ ነበር ማለት ነው። ለሰው የሚታዘዝ ነገር ገና አይደለም፤ ለሰው የሚታዘዘው የደም ግፊት ክኒንና ፊዚዮቴራፒ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የጋባ እንክብል አየሁ። ልግዛ?

አንድ ጋሼ ልጃቸው ከውጭ ልትልክላቸው ነበር። ስሙን በስልክ ሲነግሯት እሷ ተሳሳተች፤ «አባዬ፣ ጋቢ እዚያ አለ አይደል እንዴ?» አለቻቸው። ሥቀን ሞትን።

ጋቢው ይሻላል። ጋባ ሲዋጥ ከደም ወደ አንጎል እንደልቡ አያልፍም። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ነው፤ ከውጭ በኩል ደግሞ የአስትሮሳይቶቹ እግሮች ጠቅልለው ይዘውታል። ጋባፔንቲን የሚባለውም መድኃኒት በስሙ አያታልላችሁ፣ ጋባው በር ላይ አይሠራም፤ የካልሲየም በር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የሚሸጠውም በማዘዣ ነው። ጋሼም ልጃቸው ለእንክብሉ ልትከፍል የነበረውን ገንዘብ ላከችላቸው፤ ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዙበት።